በመታጠፊያው ላይ ያልሽው አልሃምዱሊላህ

ዘሃራዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። በጣቴ ቆጥሬ አይደለም፤ የቀን ማስታወሻዬን ገልጬ ነው። እንደምታውቂው ከሱቅ ገብቼ ሦስት አራት መስመር ሳልጽፍ እራት አልበላም። «ዝናብ ዘነበ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ሌላ ምን ትጽፋለህ?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እውነትሽን ነበር፤ አብዛኛው ያው ነው። የመጨረሻው ዓመት ደብተር ግን የዝናብና የገበያ መሆኑ ቀርቶ የትንፋሽሽ ደብተር ሆነ። ሰሞኑን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሬ በፊት ከነበርኩበት የባሰ ግራ ገባኝ። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ሳሎን አውርደነው የነበረውን አልጋሽን ወደ መኝታ ቤት መለስኩት፤ ሳሎኑ አሁን የሌላ ሰው ቤት ይመስላል፣ ሰፋብኝ። ሰሚራ አዘዞ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ደህና ልጅ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ይመጣሉ። እኔ ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ሰሚራ ቀምሳ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ያለውን መውጫ ኮብልስቶን አነጠፉት። አራዳ ያለው ሱቅ እንዳለ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የልጅ ጫማ ይሄዳል፤ የአዋቂው ቆሟል።

እህትሽ እትዬ አንሻም ትመጣለች፣ ሰኞ ሰኞ። ሰሚራ ካለች ከሰሚራ ጋር ታወራለች፤ ከሌለች ልብስሽ ያለበትን ሳጥን ከፍታ ታጣጥፋለች፣ የታጠፈውን እንደገና ታጥፋለች፣ ትሄዳለች። ከእኔ ጋር ከሰላምታ አታልፍም ነበር። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ድካም ያለባትን ሴት ዳገት አስወጥቶ» ብላኛለች፤ በፊቴ አይደለም፣ ግን እንዲደርሰኝ አድርጋ ነው።

ዘሃራ፣ ነገሩ የተጀመረው ከዚያች «ድካም» ከምትል ቃል ነው። ሐኪሙ «የልብ ድካም ነው» አለን፤ እኔ ደግሞ ችግር ስሰማ መፍትሔውን ከበር ሳልወጣ የምፈልግ ሰው ነኝ። የደከመ ሰው ምን ያደርጋል? ያርፋል። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? አልጋሽን አወረድኩ። ማድቤት ከለከልኩሽ፣ ገበያ ከለከልኩሽ፣ እህትሽ ቤት መሄድ ከለከልኩሽ። ውኃ እንኳ ተነስተሽ እንዳትቀጂ የምታግዝ ሴት ቀጠርኩ። አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ ቆየሽ።

አንድ ቀን ሸራ ጫማሽን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። ጫማ የሚሸጥ ሰው ሶል አይቶ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃል። ያንቺ ሶል ከካርቶኑ እንደወጣ ነበር። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰለሽ? «ዘሃራ በደንብ እያረፈች ነው» ብዬ። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፣ የእጅ ጽሑፌ ያስታውቃል። እግርሽ ግን እየቀጠነ ነበር። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ ደረትሽን ይዘሽ «ጠበበኝ» ማለት ጀምረሽ ነበር። እኔም «በይ እረፊ» አልኩሽ።

ከዚያ የሰሚራ ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጠርተሽኝ ያልሽውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። «የሰሚራ አባት፣ እኔን እናቴ እስከ ማኪናው ድረስ በእግሯ ሸኝታኛለች። እኔም ልጄን በእግሬ እሸኛለሁ። ተሸክማችሁ የምታወርዱኝ ከሆነ ግን ከክፍሌም አልወጣ።»

በኛ መውጫ ማኪና አይገባም። ከበራችን እስከ አስፋልቱ መቶ ዘጠና እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። መውረዱ ምንም አይደለም። መመለሱ ግን ዳገት ነው፤ አንቺ ያን ጊዜ በሜዳ አርባ እርምጃ አትሄጂም ነበር።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለች ጠባብ ክፍል፣ በሽተኛ እንዲንቀሳቀስ ወደምታለማምደው ወደ ትርንጎ ላከን። ያቺ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ እጇ ጠንካራ፣ ድምፅዋ ለስላሳ። አምስት ወር እንዴት አድርጌ እንዳሳረፍኩሽ በኩራት ነገርኳት። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «ምነው ጋሼ፣ አስተኝተው አደከሟቸውኮ» አለችኝ። አንቺ ያን ጊዜ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ዛሬም አልሳቅሁም።

ያስረዳችንን ታስታውሻለሽ። የልብ ጉልበት ሲያንስ ደሙ ለሁሉም እኩል አይዳረስም። ሰው መሄድ ሲጀምር ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፤ ሲታገል ለእግር የሚገባውን ድርሻ ይወስዳል፤ እግርም ይዝላል። ታዲያ የደረትን ሥራ የሚያግዝለት ቢያገኝ እግሩ ድርሻውን ያገኛል፤ እግሩ ከሄደ ደግሞ ጡንቻው ይመለሳል። ይህ ወዲያው ገባኝ። በወጣትነቴ ካርቶን ተሸክሜአለሁ፤ ከኋላ አንድ ሰው ትከሻውን ሲያስገባልህ ጉልበትህ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ትንፋሽ የሚያግዘው ማሽን በኮሮና ጊዜ የመጣ፣ ከዚያ ወዲህ ጥግ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነበር። ትርንጎ ባለ ጎማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ማስኩን አፍና አፍንጫሽ ላይ አሰረችልሽ፤ ወደ ውስጥ ስትስቢ እሱ አየሩን ገፋ ያደርግልሻል። «ልጓም አገባችሁብኝ» አልሽ ከማስኩ ውስጥ። እኔ ጠረጴዛውን እየገፋሁ፣ ትርንጎ ክንድሽን ይዛ፣ አንቺ መሐል ሆነሽ በኮሪደሩ ሄድን። ያለ ማስክ አርባ እርምጃ፣ በማስክ ሰባ። በደብተሬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ለቤት ደግሞ ያችን ትንሽ ፕላስቲክ ሰጠችሽ፣ ሞላ ያለባትን፣ አየር ስትስቢባት የምታስቸግረውን። ደረት እንዲጠነክር ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ ሠላሳ። «የማይጮህ ፊሽካ» ብለሽ ስም አወጣሽላት። ሰሚራ «እማዬ የኳስ ዳኛ ሆነች» ትል ነበር። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። አንቺ ሃያ አምስት ላይ አቁመሽ ሠላሳ ሞላ ትይኛለሽ። ዘሃራ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ላይ ያን ያህል ተቀምጠን አናውቅም።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ትርንጎ አንድ ወረቀት ነበራት። በየጉዞው መጨረሻ በሽተኛውን «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያህል ደከመዎት?» ብላ መጠየቅ አለባት፤ በመልሱ ነው የማሽኑን ግፊትና የመንገዱን ርዝመት የምትወስነው። አንቺን ጠየቀችሽ።

«አልሃምዱሊላህ» አልሽ።

ቁጥሩን እንድትነግሪያት ለመነችሽ። «አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ» አልሽ አሁንም። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ለምን ቁጥር እንዳልነገርሻት ስጠይቅሽ ተቆጣሽኝ። «አላህ ለሰጠኝ ነገር ከአሥር ስንት ብዬ ማርክ ልስጥ?»

ምስኪን ትርንጎ ዜሮ ብላ ጻፈች። አልደከመሽም መስሏት በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቱን ቀነሰች፣ መንገዱን አስረዘመች። ከኮሪደሩ መሐል ሳንደርስ አግዳሚ ወንበሩን ያዝሽ። ከንፈርሽ ጠቆረ። ትርንጎ ደንግጣ «እትዬ፣ ምን ተሰማዎት?» ስትልሽ፣ አየር እየሳብሽ «አልሃምዱሊላህ» አልሻት።

ያን ጊዜ ነው የገባሁበት። ያ ዘጠኝ ነው አልኳት። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ አልኳት። ቃሉ አጭር ሆኖ ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ካለቀ ሁለት ነው። «አል» ለብቻው ቀርቶ ሌላው ከተከተለው አምስት ነው። ወደ ውስጥ እየሳብሽ ካልሽው ግን ማቆም አለብን። ትርንጎ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ጻፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ትጠይቃለች፣ አንቺ ታመሰግኛለሽ፣ እኔ ቁጥሩን እናገራለሁ። «እርስዎ ባይኖሩ ሰው ልጎዳ ነበር» አለችኝ። አንቺ ደግሞ ምስጢሬን ሸጥክ ብለሽ ሁለት ቀን አኮረፍሽኝ።

ዘሃራ፣ በዚህ ኮርቼ ነበር። ከሐኪም የተሻለ የማውቀው አንድ ነገር ተገኘ ብዬ።

ሁለት ወር ሄድን። ሰባው መቶ አሥር ሆነ፣ መቶ አሥሩ መቶ አርባ ሆነ። ከዚያ የመጀመሪያው ግራ መጋባት መጣ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ስለነበር ማሽኑ አልተሞላም፤ ትርንጎ ልትመልሰን ስትል አንቺ ዝም ብለሽ መሄድ ጀመርሽ። ያለ ማሽን መቶ ስድሳ ስምንት እርምጃ ሄድሽ፤ ከማሽን ጋር እንኳ እዚያ አልደረስሽም ነበር። ትርንጎ «ሸጋ ነው፤ ማሽኑኮ እስኪጠነክሩ ነው» አለች። እሺ አልኩ። በሳምንቱ ግን ያለ ማሽን ስትሞክሪ ዘጠና ላይ ቆምሽ። ጨው ይሆናል፣ እንቅልፍ ይሆናል፣ ልብ የራሱ ቀን አለው አለችኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ማን እንደተሸከመሽ አላውቅም። ማሽኑ ነው? ፊሽካዋ ናት? ወይስ የሠርጉ ቀን እየቀረበ መምጣቱ? እቃ ሲሸጥ ለምን እንደተሸጠ፣ ሲቆም ለምን እንደቆመ አውቃለሁ። ይህን ግን አላወቅሁም።

የሠርጉ ዕለት ሐኪሙም ትርንጎም ፈቀዱ፤ ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ ከኋላዋ ወንበር ይኑር አሉ። ወንበሩን ለማንም አላመንኩም። አዲሱን ሱፌን ለብሼ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሜ ተከተልኩሽ። ጎረቤታችን «ኑሩ፣ ጫማውን ትተህ ወንበር ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀብኝ። የሰሚራን ክንድ ይዘሽ ወረድሽ። ማኪናው ጋ ስትደርሱ እጅሽን ራሷ ላይ አድርገሽ ዱዓ አደረግሽላት። ምን እንዳልሽ አልሰማሁም፤ ጥሩንባው በዛ።

ማኪናው ሄደ። ዳገቱ ቀረ።

እትዬ አንሻ ባንድ በኩል ይዛሽ፣ እኔ ከኋላ ከነወንበሬ። ትርንጎ እንዳስተማረችሽ ትኩስ ሻይ እንደምታበርጂ ከንፈርሽን አሹለሽ ትንፋሽሽን ታስወጫለሽ። አሥራ አምስት እርምጃ፣ ማረፍ። አሥራ አምስት፣ ማረፍ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጮክ ብሎ የሚያለከልከው እኔ ነበርኩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ፣ ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ፣ ግድግዳውን ያዝሽና ቆምሽ። ዞረሽ እኔን አላየሽም። ቁልቁል ወደ አስፋልቱ፣ ማኪናው ወደሄደበት አየሽ። እና «አልሃምዱሊላህ» አልሽ።

የትኛው እንደሆነ አላወቅሁትም።

«አል» ለብቻው ቀርቶ ነበር፤ እንደ አምስት። መጨረሻው ወደ ውስጥ የተሳበ መሰለኝ፤ እንደ ዘጠኝ። ፊትሽ ግን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር፣ ሥራውን ፈጽሞ እጁን እንደታጠበ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁት ቃል በዚያች ደቂቃ የማላውቀው ቋንቋ ሆነብኝ። ወንበሩ በእጄ ነበር። አንድ እርምጃ ተራምጄ ከኋላሽ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። አላስቀመጥኩም። ቆሜ ጠበቅሁ። አንቺም ግድግዳውን ለቀሽ ሄድሽ፣ የቀረውን ወጣሽ፣ በሩን ራስሽ ከፈትሽው።

የዚያን ዕለት ማስታወሻዬ ይኸውልሽ፤ «ሰሚራን ሸኘን። ዘሃራ በእግሯ ወጣች። አልሃምዱሊላህ።» እንግዲህ የራሴን እንኳ የትኛው እንደሆነ አላውቀውም።

ማታውን እግርሽ አበጠ፤ ክኒኑ ተጨመረልሽ፤ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። ደህና ነበርሽ። ማድቤት ገብተሽ የቀጠርኳትን ሴት ታዢ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ተቀምጠሽ ነጭ ሽንኩርት እየላጥሽ ሄድሽ። እኔ ሱቅ ለአንዲት ሴትዮ ቁጥር ሠላሳ ስምንት እየፈለግሁ ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «አረፈች» ይለኛል። እኔ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ እረፊ ያልኩሽ ሰው ነኝ። ያንን ቃል ስሰማ ወዴት እንደማይ ይጠፋኝ ነበር።

እትዬ አንሻ በዳገቱ ነው አለች። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ አልጋ ላይ ብትተኛም ሊሆን ይችል ነበር፣ ይህን ለይቶ የሚያውቅ የለም አለኝ። ትርንጎ ለቅሶ መጥታ ያ ሁለት ወር የእሳቸው ነበር፣ ማንም አይወስድባቸውም አለችኝ። ለሦስቱም አንገቴን ነቀነቅሁ። እትዬ አንሻ ስታወራ እውነቷን ነው እላለሁ። ትርንጎ ስታወራም እውነቷን ነው እላለሁ። በነገር መሐል እንዲህ ስወዛወዝ አይተሽኝ አታውቂም።

ግን ስለ መታጠፊያው ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ወንበሩን ለምን አላስቀመጥኩም? አንዳንድ ቀን፣ ቃሉን መለየት ስላልቻልኩ ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ተሸክማችሁ ያልሽውን አስታውሼ ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ እንድትወጪው ስለፈለግሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነበርና አንቺ ስትወጪ እኔም የወጣሁ ስለመሰለኝ ነው እላለሁ። ሦስቱም እውነት ይመስላሉ። የትኛው እንደቀደመ ደብተሩ አይነግረኝም።

ባለፈው ወር ትርንጎ ሱቅ መጣች። ማሽኑን አሁን ለሌሎችም ትጠቀምበታለች፤ ችግሩ ግን ያው ነው። የከተማው ሙስሊም አልሃምዱሊላህ ይላታል፣ የገጠሩ ክርስቲያን ተመስገን ይላታል፣ ቁጥር የሚነግራት የለም። መጥቼ እንድሰማላት ለመነችኝ። እንቢ አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ሄድኩ።

አንድ የወገራ ገበሬ ነበሩ፣ አያ ፈንቴ ይሏቸዋል፤ ብቻቸውን የመጡ። ማስኩን አድርገው ኮሪደሩን ሄዱ። ጠየቀቻቸው። «ተመስገን» አሉ። ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አልሰማሁም፣ ዘሃራ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ተመስገን አሉ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ለካ እኔ ትንፋሽ መስማት አላውቅም። የማውቀው አንቺን ብቻ ነበር።

አፍሬ ልነሳ ስል የሱቄ ነገር ትዝ አለኝ። ጫማ ለክቶ «ልክ ነው» የማይል ደንበኛ የለም፤ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ እኔ ይጠብዎታል ወይ ብዬ አልጠይቅም። እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ እላለሁ፣ እግራቸውን አያለሁ። ትርንጎን፣ ደከመዎት ወይ አትበያቸው አልኳት፤ ትንፋሽ የሚፈልግ ነገር አናግሪያቸው፤ የልጆቻቸውን ስም ይጥሩልሽ። ጠየቀቻቸው። አያ ፈንቴ ደስ ብሏቸው ሰባት ልጆቻቸውን መጥራት ጀመሩ። አራተኛው ላይ ስሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹን ብለው አየር ስበው ግማሹን ጨረሱት። ትርንጎ ወዲያው አስቀመጠቻቸው፣ ግፊቱን ጨመረች። «ሸጋ ዘዴ ነው ጋሼ» አለችኝ። አሁን ሁሉንም እንደዚያ ታደርጋለች፤ ልጅ የሌለውን የመጣበትን መንገድ ሰፈሮች ታስቆጥረዋለች።

ከሆስፒታል ስወጣ፣ በዚያ መታጠፊያ ይህን ባውቅ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ልጆችሽን ጥሪልኝ ብልሽ ኖሮ። ከዚያ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ እኛ ያለችን አንዲት ሰሚራ ናት። አንድ ስም የመጨረሻ ትንፋሹ ላይ ያለ ሰውም ይለዋል። መንገድ ዳር ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ የምቀመጥበት ደረጃ ፈለግሁ።

ከዚያ ሰኞ ደረሰ። እትዬ አንሻ መጥታ ሳጥኑን ስትከፍት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉን ነገርኳት። መታጠፊያው ላይ ያልሽውን እንደሰማሁ፣ ወንበሩ በእጄ እንደነበር፣ እንዳላስቀመጥኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር። ሻርፕሽን ጭኗ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «ክንዷን ይዤ አልነበር እንዴ? ደስታ መሰለኝ። ልጇን ሸኝታ አመሰገነች ብዬ ነው። ቁጭ በይ አላልኳት፣ ኑሩ። እኔም አላልኳትም።»

ሰባት ወር ሙሉ እኔን የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

እሷ ደስታ ነው ትላለች፤ ደስታ ነው ስትል ድምፅዋ አያምንም። እኔ አላውቅም እላለሁ። ተከራከርን፣ ቃሉን እየደገምን፣ እንደዚህ ነበር፣ የለም እንደዚህ እያልን፤ ሁለታችንም እንዳንቺ ማለት አቃተን። ያን ቀን ምሳ በላች። ሽሮዬን ጨው ያንሰዋል አለችኝ።

ዘሃራ፣ ደክሞሽ ከነበረና እኔ ካልሰማሁሽ አፉ በይኝ። ደስ ብሎሽ ከነበረና ሰባት ወር ሙሉ ደስታሽን ድካም ብዬ ከያዝኩብሽም አፉ በይኝ። ሁለቱን ይቅርታዎች በአንድ ቀን የምጠይቅሽ ለማምታታት አይደለም፤ የትኛው እንደሚገባኝ ስለማላውቅ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ቶሎ መርጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልመርጥም። እንዲቀለኝ ብዬ አንዱን ይዤ ሌላውን አልጥልም። ግድግዳውን ይዘሽ፣ ቁልቁል እያየሽ፣ ያችን ቃል እንዳልሻት፣ ትርጉም ሳልጨምርባት አስታውስሻለሁ። እኔና እህትሽ እስካለን ድረስ፣ በየሰኞው።

ጠበበኝ ስትዪ ብዙ ጊዜ ሰምቼሻለሁ። አሁን ያለሽበትን አላህ ሰፊ ያድርግልሽ።

ኑሩ